ቀበሌና የነዋሪው መብት

ቀበሌ በከተሞቻችን የተቋቋመው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በአዲስ አበባ ዛሬ ሥራውን የሚያከናውነው ወረዳ ቢሆንም፣ ነዋሪው «ቀበሌ» ማለቱን አልተወም።

መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የመንግሥት ቤት ኪራይ ወደዚያው ይወስዱናል። ሕጉ ግን ከባለጉዳይነት ከፍ ያለ ቦታ ሰጥቶናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ክልሎችን የሚመለከተው አንቀጽ 50(4) ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል።

በእኔ እምነት፣ ውሳኔው ባለቀበት ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ተሳትፎ ሊባል አይችልም። ለመንገድ ወይም ለውኃ መውረጃ ቦይ ያዋጣ ነዋሪ ሒሳቡን ሳያውቅ ምን ብሎ ይወያያል?

አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቢወጣም ይህ ክፍሉ አልተሻረም። የመልስ መስጫው ጊዜ በመደበኛው 30 ቀን ነው፤ የከለከለ ኃላፊም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ቅር የተሰኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመለክታል።

እንግዲህ ጥያቄያችንን በጽሑፍ እናቅርብ፤ ቀኑን አስመዝግበን ቅጂውን እንያዝ።