የጠባቂው ሳንቲም፦ በሦስቱ እስረኞች እንቆቅልሽ ውስጥ የተረሳ ቅድመ ሁኔታ

ማርቲን ጋርድነር የሦስቱን እስረኞች እንቆቅልሽ በጥቅምት 1959 (እ.ኤ.አ.) በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ካወጡት ወዲህ ታሪኩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲቀዳ ኖሯል። በቅጂው መካከል ግን ዋናው ዕቃ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ ሳንቲሙ።

ሀ፣ ለ እና ሐ ሞት ተፈርዶባቸዋል። አገረ ገዥው ለአንዱ በዕጣ ምሕረት አድርጓል፤ የወህኒው ኃላፊ ማንነቱን ቢያውቅም አይናገርም። ሀ ይለምነዋል፦ «ከለ እና ከሐ የሚሞተውን የአንዱን ስም ይንገሩኝ፤ ምሕረቱ የእኔ ከሆነ ሳንቲም ጥለው ከሁለቱ አንዱን ይጥሩ።» ኃላፊው «ለ» ይለዋል። ሀ ዕድሌ ወደ 1/2 ከፍ አለ ብሎ ይደሰታል። ትክክለኛው መልስ ግን ለሀ 1/3፣ ለሐ 2/3 ነው።

በቁጥሩ ላይ ጠብ የለም፤ ጠቡ በምክንያቱ ላይ ነው። የተለመደው ማብራሪያ «ኃላፊው ስለ ሀ የተናገረው ነገር ስለሌለ የሀ ዕድል አይነካም» ይላል። ሜሪሊን ቮስ ሳቫንት በ1990 በፓሬድ መጽሔት የዚህን እንቆቅልሽ መንትያ፣ የሦስቱን በሮች ጥያቄ (ሽልማቱ ከአንዱ በር ጀርባ ነው፤ ተጫዋቹ አንዱን በር ሲመርጥ አቅራቢው ከቀሩት ባዶውን ከፍቶ ምርጫውን ይቀይር እንደሆነ ይጠይቀዋል)፣ ሲመልሱ የተደገፉት በዚሁ ነው፤ ባዶ በር ስለተከፈተ ብቻ የመጀመሪያው ምርጫ 1/3 ሊያድግ አይችልም አሉ። ወደ 10,000 ደብዳቤ ጎረፈባቸው፤ 1,000 ያህሉ ከዶክትሬት ባለቤቶች። በመልሱ ሁሉንም ረቱ። ምክንያቱ ግን ፈተና አይችልም።

ፈተናውን ያዘጋጁት ሺንሱኬ ሺሞጆ እና ሺንኢቺ ኢቺካዋ ናቸው፤ በ1989 በኮግኒሽን መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ከሚገባው በታች ይጠቀሳል። የምሕረቱ ዕጣ እኩል ባይሆንስ? ለሀ 1/4፣ ለለ 1/4፣ ለሐ 1/2 ይሁን፤ ሳንቲሙ እንዳለ ነው። ምሕረቱ የሀ ሆኖ «ለ» የሚባልበት ዕድል የ1/4 ግማሽ፣ ማለትም 1/8 ነው። ምሕረቱ የሐ ከሆነ ኃላፊው ከለ ሌላ የሚጠራው ስም የለውም፤ ይህ 4/8 ነው። ምሕረቱ የለ ከሆነ «ለ» አይባልም። ስለዚህ «ለ» ከተባለ በኋላ የሀ ድርሻ ከአምስት አንድ ሆነ። ስለ ሀ ምንም አልተነገረም በተባለበት ቃል ዕድሉ ከ1/4 ወደ 1/5 ወረደ! የተጠራው ሐ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወደ 1/3 ይወጣ ነበር።

የሁለቱ መልሶች አማካይ፣ እያንዳንዱ በሚሰማበት ዕድል ሲመዘን፣ ያው 1/4 ነው የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሀ የሰማው ግን አማካይ ሳይሆን አንድ ስም ነው።

  

ወደ ሳንቲሙ ስንመለስ፣ ስሌቱ ግልጽ ነው። ዕጣው እኩል ሆኖ፣ ምሕረቱ የሀ ሲሆን ኃላፊው ሁልጊዜ ለን የሚጠራ ከሆነ የሀ ዕድል 1/2 ነው፤ የሀ ደስታ ትክክል ነበር ማለት ነው። ኃላፊው ካልተገደደ በቀር ለን የማይጠራ ከሆነ ግን «ለ» መባሉ ለሀ የሞት መርዶ ነው፤ ዕድሉ ዜሮ። «ልማዱን ስለማናውቅ ግማሽ በግማሽ እንውሰደው» የሚሉ፣ ማስረጃ በጎደለበት ቦታ ምኞታቸውን ይተካሉ። እንቆቅልሹን መፍታት የሚጀምረው ኃላፊው ስም የሚመርጥበትን ደንብ ከመጠየቅ ነው።

ሞርጋን እና ሦስት ባልደረቦቻቸው በ1991 በአሜሪካን ስታቲስቲሽያን መጽሔት ይህንኑ ለሦስቱ በሮች አስልተውታል። የተሳሳተው ምክንያት ለምን ዕድሜ እንዳገኘም ከስሌታቸው ይታያል፤ የኃላፊው ልማድ ምንም ቢሆን የሐ ዕድል ከ1/2 አይወርድም። ዕጣው እኩል እስከሆነ ድረስ «ከሐ ጋር ቦታ ተለዋወጥ» የሚለው ምክር ሀን ጎድቶት ስለማያውቅ፣ ከጀርባው ያለውን ምክንያት የመረመረው ጥቂት ነው።