ፊርማ በስንት ይገዛል?

አንድ ሰው ስሙን በወረቀት ላይ አስፍሮ ሲፈርም ምን ሰጠ? ብዙዎቻችን «ምንም፣ ቀለም ብቻ ነው» እንል ይሆናል። ነገር ግን ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ሕግ ለማመንጨት በቻሉባቸው አገሮች ስለዚች ቀለም ከመቶ ዓመት በላይ ሲሟገቱ ኖረዋል። ታሪኩን መለስ ብለን ብንመረምረው ስለ ሕዝብ ሥልጣን የሚነግረን ብዙ ነው። (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በአሜሪካ ሥር የሰደደው ከበርቴው ምክር ቤቶችን በገንዘቡ በሚያሽከረክርበት ዘመን ነው። በካሊፎርኒያ የባቡር ኩባንያው ቃል ከመራጩ ቃል ይበልጥ ይሰማ ነበር። ሳውዝ ዳኮታ በ1898፣ ኦሪገን በ1902፣ ኮሎራዶ በ1910፣ ካሊፎርኒያ በ1911 ለዜጎች አዲስ መብት ሰጡ፤ የተወሰነ ቁጥር ያለው ፊርማ ያመጣ ወገን፣ ምክር ቤቱ ወደደም ጠላም፣ ረቂቁን ለሕዝብ ድምፅ ያቀርባል። በኦሪገን ለዚህ ብዙ የደከመው ዊልያም ዩሬን የአንጥረኛ ልጅ ነበር።

ግን ፊርማ በራሱ እግር አይመጣም። አደባባይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚለምን ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ያቆመው እምነቱ ከሆነ ደግ፤ ገንዘብ ከሆነስ? በተለይ ለአንድ ፊርማ ይህን ያህል ሳንቲም ተብሎ ሲቆረጥለት፣ የሌለ ሰው ስም ለመሙላት ወይም ረቂቁን አጣሞ ለማስረዳት ይፈተናል። ስለዚህ ኦሪገን በ1935፣ ኮሎራዶ በ1941 ለፊርማ ሰብሳቢ መክፈልን ከለከሉ። ከበርቴውን ለመግታት የተሠራ መሣሪያ ተመልሶ በከበርቴው እጅ እንዳይገባ ነው።

ታዲያ በ1984 በኮሎራዶ የጭነት መኪና ሥራን ከአንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥር ለማውጣት የተነሡ ዜጎች በስድስት ወር 46,737 ፊርማ ማምጣት ነበረባቸው። «በበጎ ፈቃደኛ ብቻ አይሞላልንም፣ ሰው እንቅጠር» ብለው ከሰሱ። በ1988 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ፊርማ መለመን ከሰው ጋር ስለ ፖለቲካ መነጋገር ነው፣ ክልከላውም ይህን ንግግር ያሳንሳል አለ። ተከፋዩ ከበጎ ፈቃደኛው ይልቅ ያጭበረብራል የሚለውንም አልተቀበለም። በ1999 ደግሞ ሰብሳቢው የግድ የተመዘገበ መራጭ ይሁን፣ ስሙንም ደረቱ ላይ ይለጥፍ የሚሉትን የኮሎራዶ ደንቦች ሻረ።

እዚህ ላይ ሁለት ልብ እንሆናለን። ለዕለት ጉርሱ የሚሮጥ ሰው ስድስት ወር በነፃ አደባባይ ሊቆም አይችልም፤ ክልከላው ብዙ አባላት ያሉትን ድርጅት ጠቅሞ ትንሹን ያንቃል። ክልከላው ሲነሣ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሁሉ ፊርማ ይገዛል። «ሕዝቡ ይፈልገዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይቀርና «ስንት አላችሁ?» ይሆናል።

መካከለኛ መንገድ የፈለጉም አሉ። በ2002 የኦሪገን ሕዝብ ራሱ በሰጠው ድምፅ በፊርማ ቁጥር መክፈልን አገደ፤ በሰዓት መክፈል ግን አልተከለከለም። አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2006 ደንቡን አጸናው። ካሊፎርኒያ ከየአውራጃው 500 ፊርማ ወይም ከመቶ 3 እጅ፣ የሚበልጠውን፣ በዕጣ አውጥታ ከመራጮች መዝገብ ጋር ታመሳክራለች። ስዊዘርላንድ በ1891 ሕገ መንግሥት ለማሻሻል 50,000 ፊርማ ትጠይቅ ነበር፤ በ1977 ወደ 100,000 አሳደገችው፣ የመሰብሰቢያው ጊዜም 18 ወር ሆነ። ይህም ሁሉ ሆኖ በ2024 የስዊስ ጋዜጦች እየተከፈላቸው ፊርማ የሚሰበስቡ ድርጅቶች የሐሰት ስም ሳይሞሉ አልቀሩም የሚል ጥርጣሬ ይፋ አወጡ።

ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የምርጫ አዋጅ ለአገር አቀፍ ፓርቲ ምዝገባ 10,000 መሥራች አባላት ጠይቋል። ስም በሚቆጠርበት ሁሉ ስሙን ማን፣ ምን ብሎ፣ በማን ገንዘብ እንደ ሰበሰበው መጠየቅ ተገቢ ነው።

በእኛ አስተያየት ለፍቶ አዳሪው ሰብሳቢ ደመወዙን ቢያገኝ ነውር የለበትም። ነገር ግን ደመወዙ በሰዓት ይሁን፤ ከፋዩ በወረቀቱ ራስ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ፊርማውም በመዝገብ ይጣራ። ፈራሚው ብዕሩን ሳያነሣ ማን እንደሚያስፈርመው ካወቀ፣ ስሙን ሰጥቶም ነፍጎም ባለመብት ነው።