የኋልዮሽ ብልሽት፦ ትናንት የሠራው ከርነል ዛሬ ፋይል ሲያበላሽ

«ሪግሬሽን» ሲባል የስታቲስቲክስ ተማሪ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። በሶፍትዌር ሙያ ቃሉ ጠባብ ትርጉም አለው፤ በቀድሞው ስሪት ደህና ይሠራ የነበረ ነገር በአዲሱ ስሪት ሲበላሽ ሪግሬሽን ይባላል። በአማርኛ «የኋልዮሽ ብልሽት» ብንለው ይስማማል ባይ ነኝ። «ዳግም ብልሽት» ማለትም ይቻል ነበር፤ እሱ ግን አንዴ ተስተካክሎ መልሶ ያገረሸን ችግር የሚገልጽ ይመስላል። የኋልዮሽ ብልሽት ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ትናንት አለመኖሩ ነው። ደህና በነበረበት ቀንና በተበላሸበት ቀን መካከል ያለው ጊዜ ስለሚታወቅ፣ ሊፈተሽ የሚገባው በዚያ መካከል የገባው ለውጥ ብቻ ይሆናል። ሌላው ዓይነት ብልሽት ይህን ዕድል አይሰጥም።

ለዚህ በ2018 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ከርነል 4.19 ላይ የደረሰው ጥሩ ማሳያ ነው። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው፤ ፕሮግራሞች ከዲስክ፣ ከሚሞሪና ከኔትወርክ ጋር የሚገናኙት በእሱ በኩል ነው። 4.19 የወጣው ኦክቶበር 22 ነበር። በኖቬምበር አንዳንድ ተጠቃሚዎች ፋይሎቻቸው እየተበላሹ መሆኑን ማሳወቅ ጀመሩ። በ4.18 ደህና የነበረ ማሽን ወደ 4.19 ሲሻገር፣ አንዳንዴ ቶሎ አንዳንዴም ቆይቶ፣ «ኤክስት 4» የሚባለው ፋይል ሲስተም የስህተት መልእክት ያወጣል።

ከእነዚያ መልእክቶች አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ኤክስት 4 ስለ እያንዳንዱ ፋይል መረጃ የሚይዝበት «አይኖድ» የተባለ መዝገብ አለው፤ በዚያ ዲስክ ላይ የአንዱ አይኖድ ስፋት 256 ባይት ነበር። መልእክቱ እንደሚለው ግን በመዝገቡ ውስጥ የተጨማሪ ቦታውን መጠን የሚናገረው ቁጥር 24,937 ሆኖ ተገኝቷል። 256 ባይት ውስጥ 24,937 ባይት አይገባም። ይህ ቁጥር ዲስክ ላይ የሚቀመጠው በሁለት ባይት ነው፤ ሲፈታ 105 እና 97 ይሆናል። በአስኪ ሰንጠረዥ ደግሞ እነዚህ የላቲን ትንንሽ ፊደላት «አይ» እና «ኤ» ናቸው። በሁለት ባይት ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ሆኖም የፋይል መዝገብ ሊነበብ በሚገባበት ቦታ የጽሑፍ ቁራጭ የሚመስል ነገር መነበቡ ብዙ ያስጠረጥራል። ኤክስት 4 ሒሳቡን አልሳተም፤ ያልጠየቀው ነገር ነው የቀረበለት።

ያም ሆኖ መጀመሪያ የተጠረጠረው ኤክስት 4 ነው፤ ስህተቱን የተናገረው እሱ ነዋ። የፋይል ሲስተሙ ኃላፊ ቴዎዶር ቾ ሙከራዎቹን ቢያስኬድም ችግሩን ሊያገኘው አልቻለም። እንዲህ ያለው ብልሽት ከሌላው የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ ማከማቻው ዘንድ የተፈጠረ ስህተት የሚታወቀው ከላይ ያለው አንባቢ ሲደናገር ብቻ ነው።

ፍለጋው የራሱ መንገድ አለው። ወደ ሊኑክስ ከርነል የሚገባ እያንዳንዱ ለውጥ «ጊት» በተባለው መሣሪያ ተመዝግቦ ይገኛል፤ በ4.18 እና በ4.19 መካከል የገቡት ከ10,000 በላይ ናቸው። አንድ በአንድ መሞከር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መካከል ላይ ያለውን ከርነል ሠርቶ መሞከር ነው፤ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ከእሱ በኋላ ነው፣ ከተበላሸ ደግሞ እሱ ራሱ ወይም ከእሱ በፊት ያለው ነው። ከዚያ የቀረውን እንደገና ማጋመስ። 16,384 ለውጦች ቢኖሩ 14 ሙከራ ይበቃል። ጊት ውስጥ «ባይሴክት» የሚባለው ይህ ነው፤ እኔ «የማጋመስ ፍለጋ» እለዋለሁ።

ስሌቱ የሚያምረው ግን ብልሽቱ በተጠራ ቁጥር ከመጣ ብቻ ነው። አንዳንዴ ብቻ የሚታይ ከሆነ «ደህና ነው» የሚለው ፍርድ አደገኛ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ሙከራ የመታየት ዕድሉ 50 በመቶ ነው እንበል። አምስት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይታይ ቢያልፍም፣ የተበላሸውን ከርነል በስህተት ደህና የማለት ዕድል ወደ 3 በመቶ ይጠጋል። ይህ በ14 ደረጃ ሲደራረብ ቀላል አይደለም፤ አንዴ ከተሳሳቱ ደግሞ የቀረው ፍለጋ በሙሉ ጥፋት በሌለበት ግማሽ ውስጥ ይካሄዳል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ «ተበላሸ» የሚል ውጤት የአንድ ዲስክ ዳታ ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ የሚሞከረው ቢጠፋ በማይቆጭ ዲስክ ወይም በቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ለሠሩት ተጠቃሚዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ የከርነል ኃላፊዎቹ ያላገኙትን በማጋመስ ያጠበቡት እነሱ ናቸው።

የተደረሰበት ለውጥ ከኤክስት 4 ጋር አይገናኝም። ያለው ከፋይል ሲስተሙ በታች፣ ከዲስክ ድራይቨሩ በላይ፣ የንባብና የጽሕፈት ጥያቄዎችን ወረፋ በሚያስይዘው ብሎክ ሌየር ውስጥ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ ወረፋ የሚያደራጅ ስኬጁለር ካልተመረጠ፣ ጥያቄው ወረፋ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ድራይቨሩ ይሂድ። ችግሩ ድራይቨሩ «አሁን ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ጥያቄውን ሲመልሰው ነው። «ስካዚ» የሚባለው ክፍል ከመመለሱ በፊት የዳታውን ቦታና መጠን የያዘውን ሰንጠረዥ አዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል። የተመለሰው ጥያቄ ወረፋ ውስጥ ሲቆም ሌላ አጎራባች ጥያቄ ይዋሃደዋል፤ ሰንጠረዡ ግን አይታደስም። የጭነት ሰነዱ ለ50 ኩንታል ተሞልቶ ከበር የተመለሰ መኪና ላይ 30 ኩንታል ቢጨመር፣ የሚረከቡት በሰነዱ ላይ የተጻፈውን 50 ብቻ ነው። እዚህም ዲስኩ የሚያነበው ወይም የሚጽፈው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይሆናል፤ የተጨመረው ግን እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ንባብ ከሆነ በዚያ ሚሞሪ ውስጥ ቀድሞ የነበረው ዝባዝንኬ እንደ ዲስክ ይዘት ይቀርባል። 24,937 የመጣው እንዲህ ባለ መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ሰው ሳይነካው ያለፈበት ምክንያትም ከዚህ ይገባል። ስኬጁለር የተመረጠለት ማሽን በዚህ መንገድ አያልፍም፤ ስኬጁለር አለመመረጡና ድራይቨሩ ሥራ በዝቶበት ጥያቄውን መመለሱ ባንድ ጊዜ መገጣጠም አለባቸው።

የብሎክ ሌየሩ ኃላፊ የንስ አክስቦ ያቀረበው መፍትሔ አጭር ነው፦ በቀጥታ ተልኮ የተመለሰ ጥያቄ ከሌላ ጋር እንዳይዋሃድ ምልክት ይደረግበት። ቀጥሎም እንዲህ ያለው ጥያቄ ውህደት ወደማይደረግበት ዝርዝር እንዲዛወር ተደረገ። እርማቱ በዲሴምበር 2018 በ4.19.8 ወጣ። የእርማቱ መግለጫ ብልሽቱን ያመጣውን ለውጥ በመለያ ቁጥሩ ይጠቅሳል፤ ያንን ለውጥ ወደ ራሱ ከርነል የወሰደ ማንኛውም ቡድን እርማቱንም መውሰድ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው።

4.19 ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የተመረጠ ስሪት በመሆኑ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ እርማት ሲወጣለት ቆይቷል። እርማቱ ግን አዲስ ጥፋትን ያቆማል እንጂ ቀድሞ የተበላሸ ፋይልን አይመልስም። የኋልዮሽ ብልሽት የጠረጠረ ሰው አስቀድሞ የዳታውን ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ፤ ሲያመለክትም ደህና የነበረውን የመጨረሻ ስሪት፣ የተበላሸውን የመጀመሪያ ስሪትና የስኬጁለሩን ምርጫ ሦስቱንም ይጻፍ።