የኢስቶኒያ ገባሮች ዜና

በባልቲክ ባሕር ዳር ያለችው የኢስቶኒያ ምድር በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በመስቀል ጦረኞች እጅ ወደቀች። ከደቡብ ጀርመኖች፣ ከሰሜን ዴንማርኮች መጡባት፤ ሕዝቡም በግድ ተጠመቀ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1343 በቅዱስ ጊዮርጊስ ሌሊት ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ድል ተነሣ። የዴንማርክ ንጉሥም በ1346 ሰሜኑን ምድር በ19,000 ማርክ ብር ለጀርመን ጦረኞች ማኅበር ሸጠው። ከዚያ ወዲህ ጌታው ጀርመንኛ፣ ገባሩ ኢስቶንኛ ይናገር ነበር። የጌቶቹን ሥራ ጸሐፊዎቻቸው ጽፈውታል፤ እኛ የገባሮቹን እንጽፋለን።

የቤታቸው ነገር እንዲህ ነበር። በዚያ አገር በጋው አጭር ነውና የታጨደው እህል በሜዳ አይደርቅም። ስለዚህ ሰውና ነዶ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር። ከጣሪያው በታች በተጋደሙት እንጨቶች ላይ የራይ ነዶ ይደረደራል፤ ራይ ብርድ የሚችል፣ ዳቦው የሚጠቁር እህል ነው። ምድጃው የጭስ መውጫ የለውም። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ነዶውን ያደርቀዋል፤ ከበታቹ ሕፃናቱ ይስላሉ፣ ሽማግሌው ዓይኑን ያሻል። የጌታውን እህል ሊወቁ ደግሞ ገና ሳይነጋ ይነሣሉ። እንዲህ ተደክሞበታልና ዳቦ ከእጃቸው ቢወድቅ አንሥተው ይስሙታል፤ ሲበላ ያገኙትንም ሰው «ዳቦህ ይበርክት» ይሉታል።

ከቤቱ ራቅ ብሎ የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ ይቆም ነበር። ሴት ትወልድበታለች፣ ሕመምተኛ ዋግምት ይታገምበታል፣ ሬሳም ይታጠብበታል።

መከሩ ገብቶ ሌሊቱ ሲረዝም የሙታን ነፍሳት ወደ ቤታቸው ይመጣሉ ብለው ያምኑ ነበር። አባወራው ማዕድ ዘርግቶ አያት ቅድመ አያቶቹን በየስማቸው ይጠራል። ሴቶቹ መፍተል ይተዋሉ፤ ድምፅም አይሰማም። እንግዶቹ በልተው ጠገቡ ሲባል ማሳውንና ከብቱን እንዲጠብቁለት ለምኖ ያሰናብታቸዋል።

የጌታው ጎተራ ሞልቶ የገባሩ ባዶ በሆነበት አገር የክራት ወሬ መብዛቱ አይደንቅም። ክራት ከአሮጌ መጥረጊያና ከተሰበረ ዕቃ የሚሠራ አገልጋይ ነው ይሉ ነበር። ሠሪው ሐሙስ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሦስት ጠብታ ደም ለሰይጣን ሰጥቶ ነፍስ ያስዘራበታል፤ ክራቱም ከሰው ጎተራ እህል እየሰረቀ ያመጣለታል። ሥራ ያጣ ቀን ግን ሠሪውን ይገድላል።

አሁን ወደ ቮሃንዱ ወንዝ ነገር እንምጣ። ስዊድን ምድሪቱን ትገዛ በነበረበት በንግሥት ክርስቲና ዘመን በደቡብ ኢስቶኒያ ያሉ ገበሬዎች ይህን ወንዝ የተቀደሰ ነው ይሉት ነበር፤ የሚያግደውም ሰው የሰማዩን ቁጣ ይጠራል ይሉ ነበር። በሶመርፓሉ ግን ወንዙ ተገድቦ የውኃ ወፍጮ ተሠራበት። ከዚያ በኋላ በጋው ቀዘቀዘ፣ እህሉም ተበላሸ። በ1642 ገበሬዎቹ ተሰብስበው ወፍጮውን አፈረሱት። የኡርቫስቴው ቄስ ዮሐን ጉትስላፍ ስሕተታቸውን ሊገሥጽ በ1644 መጽሐፍ አሳተመ፤ ደግነቱ ለነጎድጓዱ አምላክ ለፒክኔ የሚጸልዩትን ጸሎትም በዚያው መጽሐፍ ጻፈው። እህሉን ያበላሸው ወፍጮው አልነበረም። ይሁን እንጂ ከዘር እስከ ዘር ያከበሩትን ወንዝ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ማገድ ግፍ ነው፤ በዚህ ነገር እኛ ከገበሬዎቹ ጋር ነን።

ከ1695 እስከ 1697 ታላቅ ረኃብ ሆነ፤ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል አለቀ። ከዚያም ጦርነት ተከተለ፤ በ1710 ደግሞ ወረርሽኝ ገባ፤ ሕዝቡም ወረርሽኙ የሰው መልክ ይዞ ከመንደር መንደር ሲዞር አየነው ይል ነበር። ገባርነት በሰሜን በ1816፣ በደቡብ በ1819 ተሻረ፤ ገበሬውም ነጻ ወጣ ተባለ፤ መሬቱ ግን በጌቶቹ እጅ ቀረ።

በ1888 ቄስ ያኮብ ሁርት ሕዝቡ የአያቶቹን ነገር ጽፎ እንዲልክለት በጋዜጣ ጠራ። ወደ 1,400 የሚጠጉ ሰዎች መለሱለት፤ ብዙዎቹ የመንደር መምህራንና ገበሬዎች ነበሩ። የላኩለትም ከ100,000 ገጽ በላይ ሆነ፤ ጽሑፉ ዛሬ በታርቱ ከተማ በሥነ ጽሑፍ ቤተ መዘክር ይገኛል።