የቲሳኤስላር ክስ፤ ሐሜት ወደ ሸንጎ በገባ ጊዜ

ሐሜት በገበያ ሲነገር አንድ ነገር ነው፤ በሸንጎ ሲነገር ግን ሌላ ነው። በገበያ የሰማ ሰው ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ ግማሹን ይቀበላል፥ ግማሹን ይጥላል። ሕዝብ መርጦና አደራ ሰጥቶ በከፍታ ባስቀመጠው እንደራሴ አፍ ሲነገር ግን የሰሚው ጆሮ መመዘኑን ይተዋል፤ «እርሱስ ሳያውቅ ይናገራልን?» ይላልና። ወሬው ከራሱ የሌለውን ክብደት ከተናጋሪው ወንበር ይበደራል። ይህ እንዴት እንደሚሆን፥ ከሆነም በኋላ በምን እንደሚፈታ፥ በ1882 ዓ.ም. በሁንጋሪያ አገር የተደረገው ነገር አጉልቶ ያሳያል። ዘመኑም፥ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ሁሉ፥ ካልተለየ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሁንጋሪያ ሰሜን ምሥራቅ፥ በቲሳ ወንዝ አጠገብ፥ ቲሳኤስላር የምትባል መንደር አለች። በዚያች መንደር ኤስተር ሾይሞሺ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናትዋ ባልዋ የሞተባት ድኻ ስለ ነበረች ልጂቱ በሰው ቤት ገብታ ታገለግል ነበር። ኤፕሪል 1 ቀን 1882 ዓ.ም. እመቤትዋ ቀለም እንድትገዛ ወደ ሱቅ ላከቻት፤ ሄዳም አልተመለሰችም። ቀኑ ቅዳሜ ነበረ፤ የአይሁድ ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያችም ሰንበት በመንደሪቱ ምኵራብ ለአራጅነትና ለመዘምርነት የሚወዳደሩ እንግዶች መጥተው ነበር። የልጂቱ መጥፋትና የእንግዶቹ መምጣት በአንድ ቀን መዋሉ ለሐሜተኛ በቂ ሆነ። «አይሁድ ለፋሲካ ቂጣቸው የክርስቲያን ደም ይሻሉ፤ ልጂቱንም አርደዋታል» ተባለ።

ይህ ክስ በዚያ ዓመት የተወለደ አይደለም። በአውሮፓ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲወራ የኖረ ነው፤ የሮማው ፖፕ ኢኖሰንት 4ኛም በ1247 ዓ.ም. በላከው ደብዳቤ ሐሰት መሆኑን ገልጦ ነበር። መጽሐፍ የሚያነብ ሰውማ ለማስተባበል ሩቅ መሄድ አያሻውም። ኦሪት ዘሌዋውያን የእንስሳ ደም እንኳ እንዳይበሉ እስራኤልን በጽኑ ከልክሏል፤ ሥጋቸውን በውኃ ዘፍዝፈው በጨው የሚያሹትም ደሙ ፈጽሞ እንዲወጣ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረው ደግሞ፥ በቀደመው ዘመን አረማውያን ይህንኑ ክስ በክርስቲያኖች ላይ ያወሩት መሆኑ ነው፤ «በስውር ተሰብስበው ሕፃን አርደው ይበላሉ» ይሏቸው ነበር፤ ጠርጡልያኖስም በ197 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው የመከራከሪያ መጽሐፉ ይህን መልስ ሰጥቶበታል። በሐሰት የተከሰሰው ሕዝብ ልጆች ጊዜ በወጣላቸው ወቅት ያንኑ ክስ አንሥተው በሌላው ላይ ጣሉት።

ነገሩ በመንደር ቢቀር ኖሮ እንደ ብዙ የመንደር ወሬ በጊዜው በጠፋ ነበር። ወደ ቡዳፔስት ምክር ቤት ያስገቡት ሁለት እንደራሴዎች ናቸው። አንደኛው ጌዛ ኦኖዲ በዚያው በቲሳኤስላር ርስት የነበረው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ዲዮዞ ኢሽቶጺ ከ1875 ዓ.ም. ጀምሮ በአይሁድ ላይ በምክር ቤት ሲናገር የኖረ ነው። የሁንጋሪያ አይሁድ በ1867 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ከሌላው ዜጋ ጋራ ተካክለው ነበር፤ ኢሽቶጺና ባልንጀሮቹ ይህን ይጠሉት ነበር። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ በሩስያ በአይሁድ ላይ ረብሻ ስለ ተነሣ ከዚያ የሚሸሹት እንዳይገቡ ድንበሩ ይዘጋ ይሉ ነበር። ሁለቱ እንደራሴዎች በሜይ ወር 1882 ዓ.ም. ምርመራው ገና በተጀመረበት ጊዜ የልጂቱን ነገር በምክር ቤት አነሡ። በቅኔ ሥርዓት ቢናገሩት፥ ሰሙ የልጂቱ ሞት ነበረ፤ ወርቁ ግን የሕጉ መሻርና የመራጩ ድምፅ ነበረ። የኤስተር እናት ልጅዋን ትፈልግ ነበር፤ እነርሱ ግን የፈለጉት ሌላ ነው።

መርማሪ ዳኛው ዮዤፍ ባሪ ሥራውን የጀመረው መልሱን አስቀድሞ ይዞ ነው። የምኵራቡ ጠባቂ ዮዤፍ ሻርፍ ሞሪጽ የሚባል የ14 ዓመት ያህል ልጅ ነበረው። ልጁ በመጀመሪያ ሲጠየቅ ምንም እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ግን ከወላጆቹ ለይተው ወደ ሌላ መንደር ወሰዱትና በአንድ የጸጥታ ሹም ቤት ሌሊቱን አሳደሩት፤ በዚያችም ሌሊት ቃሉ ተለወጠ። «ልጂቱን በምኵራቡ ሲያርዷት በበሩ የቁልፍ ቀዳዳ አየሁ» አለ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እስከ ፍርዱ ቀን ድረስ በሹማምንት እጅ ተጠበቀ፤ ከወገኖቹም ጋራ እንዲገናኝ አልተፈቀደለትም።

ጁን 18 ቀን 1882 ዓ.ም. በቲሳ ወንዝ ግንድ አሥረው የሚያወርዱ ሰዎች ቲሳዳዳ በምትባል መንደር አጠገብ የአንዲት ልጅ ሬሳ አገኙ። የለበሰችው የኤስተርን ልብስ ነበረ፤ የተላከችበትም ቀለም በጨርቅ ተቋጥሮ አብሯት ተገኘ። በአንገትዋ ላይ የስለት ምልክት አልነበረም። በዚህ ነገሩ ሊያበቃ ይገባው ነበር፤ ታረደች የተባለችው ልጅ አንገትዋ ደኅና ሆኖ ተገኝቷልና። ነገር ግን ከሳሾቹ «አይሁድ የሌላ ሴት ሬሳ አምጥተው የኤስተርን ልብስ አልብሰው በወንዝ ጣሉ» አሉ፤ ግንድ አውራጆቹም ተይዘው ታሰሩ። የሤራ ወሬ ጠባይ በዚህ ይታወቃል። እውነተኛ ክስ ማስረጃ ሲቃወመው ይወድቃል፤ የሤራ ወሬ ግን የሚቃወመውን ማስረጃ ራሱን የሤራው ክፍል ያደርገዋል። ሬሳው ባይገኝ «ሰወሩት» ይባላል፤ ቢገኝ «ለወጡት» ይባላል።

ሬሳውን በመጀመሪያ የመረመሩት ያገር ሐኪሞች ዕድሜዋ ከ18 ዓመት የማያንስ ነው፥ ቆዳዋና ጥፍሯም በባዶ እግርዋ የምትሄድ ያገር ቤት ልጅ አይመስልም አሉ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ሬሳው ከመቃብር ወጥቶ ሦስት የቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ ገና መረመሩት። እነርሱም በአጥንትዋ ዕድገት የኤስተርን ዕድሜ ያህል መሆንዋን አሳዩ። የላይኛው ቆዳ የተገፈፈውና ደም የጐደላት የመሰለችው ብዙ ጊዜ በውኃ ውስጥ በመቆየትዋ መሆኑን አስረዱ። የወሬው ትልቅ ምሰሶ በዚህ ተሰበረ።

የተከሰሱት 15 ሰዎች ለፍርድ የቀረቡት ጁን 19 ቀን 1883 ዓ.ም. በኒሬጅሃዛ ከተማ ነው። ከጠበቆቹ ዋና የሆነው ካሮይ ኦትቮሽ እርሱም በሕዝብ የተመረጠ እንደራሴ ነበረ። ይህን ነገር ሲይዝ የሚያተርፈው ስድብና ዛቻ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ «በአይሁድ ገንዘብ ተገዛ» ተብሎም ተሰደበ። እርሱ ግን ከሳሾቹ በጩኸት የመጡበትን በትዕግሥት ተቀበለ፤ ከምስክር ምስክር፥ ከሰዓት ሰዓት እያስተያየ መረመረ። ሞሪጽ በአባቱ ፊት ቆሞ መሰከረበት፤ አባትና ልጅ በአደባባይ ሲከራከሩ ያየ ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ ወደ ቲሳኤስላር ወርዶ በዚያ የቁልፍ ቀዳዳ አየ፤ ልጁ አየሁ ያለውም በቦታው ሲፈተን ከቃሉ ጋራ አልገጠመም። ከአንድ ዓመት በላይ መንግሥትን ያናወጠ ወሬ አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ በአንዲት ቀዳዳ ቢመለከት የሚፈተን ነገር ነበር። በቱሪን ከተማ በስደት የሚኖረው ስመ ጥሩ አርበኛ ላዮሽ ኮሹትም ነገሩን የሚያነሣሡትን ወቀሰ። በመጨረሻ ዐቃቤ ሕጉ ኤዴ ሴይፈርት፥ መክሰስ ሥራው ሲሆን፥ ተከሳሾቹ ነጻ ይውጡ ብሎ ጠየቀ። ኦገስት 3 ቀን 1883 ዓ.ም. ሁሉም ነጻ ተለቀቁ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ግን ቢጠራም ሁሉ አይኑን ይከፍታል ማለት አይደለም። ፍርዱ በተሰማ ጊዜ በቡዳፔስትና በየአውራጃው የአይሁድ ሱቅና ቤት ተዘረፈ። በኦክቶበር ወር 1883 ዓ.ም. ኢሽቶጺ አይሁድን በመጥላት ስም የተሰየመ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1884 ዓ.ም. ምርጫም 17 ወንበር አገኘ። ወሬው በፍርድ ቤት የተረታው ምርጫው ከመድረሱ በፊት ነው፤ በምርጫው ግን አተረፈ። እርግጥ ነው፥ ያ ማኅበር ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ከምክር ቤት ጠፋ። ሞሪጽም ከወላጆቹ ጋራ ታረቀ፤ በኋላም በአምስተርዳም በአልማዝ ሥራ እየኖረ ጦራቸው። ኦትቮሽ በ1904 ዓ.ም. ነገሩን ሁሉ «ታላቁ ሙግት» በሚል ሦስት ክፍል ባለው መጽሐፍ ጻፈ፤ ከእንግዲህ የሚጠራጠር ቢኖር ማንበብ ብቻ ይበቃው ነበር። ከዚያም በኋላ 1944 ዓ.ም. መጣ፤ ከሜይ 15 እስከ ጁላይ 9 ቀን ድረስ ከ430,000 የሚበልጡ የሁንጋሪያ አይሁድ በባቡር ተጭነው ተወሰዱ፤ የሚበዙትም በአውሽቪትዝ ተገደሉ። ያንን እልቂት ያመጣው የቲሳኤስላር ወሬ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደ ሰው እንዳያይ ካስተማሩት ትምህርቶች ግን አንዱ ነበረ። ይህም ሁሉ ከሆነ በኋላ በኤፕሪል 2012 ዓ.ም. በሁንጋሪያ ምክር ቤት አንድ የተመረጠ እንደራሴ ተነሥቶ ያን የ130 ዓመት ክስ እውነት እንደ ሆነ አድርጎ ደገመው።

በኢትዮጵያም አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ፥ ይልቁንም ቤተ እስራኤል፥ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ሲባሉ ኖረዋል፤ የታመመ በተነሣ ቁጥር እነርሱ ይታሙ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ሐሜቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ድምፅ ከሐሜተኛው ጋራ ሳይሆን ከታማው ጋራ ቆመ።

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው ምክር ለሰሚው ተነግሯል፤ ለተናጋሪው ደግሞ ይብስ ያስፈልገዋል። ኦኖዲና ኦትቮሽ በአንድ ምክር ቤት የተቀመጡ፥ በአንድ ሕዝብ የተመረጡ ነበሩ። አንዱ ሳይመረምር ተናገረ፤ ሁለተኛው ሳይመረምር አልተናገረም። በሁለቱ መካከል ግን ከ15ቱ ንጹሓን የሚበዙት ከአንድ ዓመት በላይ በወህኒ ተቀመጡ፤ የኤስተርም እናት ከወንዝ የወጣችውን «ልጄ አይደለችም» እንዳለች ቀረች።