ማን ነው የወደቀው?

አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ውጤቱ ሲመጣ ጎረቤት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «አለፈ ወይስ ወደቀ?» ምን ተማረ፣ ማን አስተማረው፣ መጽሐፍ ነበረው ወይ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ወደቀ ከተባለ ወደቀ ነው፤ በቃ። ግሡ ከልጁ በቀር ሌላ ባለቤት አያውቅም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሥነ ጽሑፍ ማስተማር ስለጨረስኩት ነው መሰለኝ፣ እንዲህ ዓይነት ቃል ይከነክነኛል። እናም ዛሬ ይህ «ወደቀ» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ትንሽ እንጨዋወት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከጎንደር እንጀምረው። ጎንደር ማትሪክ የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት ፈተናን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ከየአገሩ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ፣ አቋቋሙን በበአታ፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን በየጉባኤው ሲማር በየቀኑ ይፈተን ነበር። በቅኔ ቤት የነበረውን ወግ ተመልከቱ። ተማሪው ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና፣ ከገፋ ደግሞ ረዘም ያለውን አስቦ ያድርና የኔታ ፊት ቀርቦ «ይነግራል»። የኔታም እዚያው ያርማሉ፣ ይገስጻሉ፣ ሲያስደስታቸውም ያመሰግናሉ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። እንግዲህ ይህ ፈተና ሊሰረቅ አይችልም ማለት ነው፤ መልሱ ገና ከተማሪው ሆድ አልወጣማ!

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የምረቃው ቃል ነው። ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ «አለፈ» አይባልም፤ «አስመሰከረ» ነው የሚባለው። ምስክር እንግዲህ የሚያውቅ ሰው ነው። የኔታ ልጁን ለዓመታት አይተውታል፤ ሲራብም፣ ሲያጠናም፣ ሲሰንፍም ያውቁታል። ልጁ ባዶ ከወጣ ደግሞ የሚነሣው የእርሳቸውም ስም ነው። «የማን ተማሪ ነህ?» የሚለው ጥያቄ መምህሩንም ጭምር የሚፈትን ነበር።

ይህን ስል ያለፈውን ሁሉ ላሞግስ ፈልጌ አይደለም። ያ ትምህርት ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈጅ ነበር። በሩ ለሴት ልጅ ጠባብ ነበር፤ ለእስላሙና ለቤተ እስራኤሉ ደግሞ ጭራሽ የእርሱ በር አልነበረም። ምስክርነቱም ቢሆን ከሰው ፊት አያመልጥም፤ የወደዱትን ከፍ፣ የጠሉትን ዝቅ ማድረግ የሰው ጠባይ ነው። ዘመናዊው ፈተና የመጣው ይህን ሊያስቀር ነበር።

ማትሪክ ስሙም እንደሚናገረው የውጭ አገር ልጅ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈቱት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም በ1935 የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1938 ደግሞ ጀነራል ዊንጌት፣ ተማሪዎቻቸውን የሚያዘጋጁት ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር። «ማትሪኩሌሽን» የሚለው ረጅም ስም በእኛ አፍ ተቆርጦ «ማትሪክ» ሆነ። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በዚሁ ዘመን አገሪቱ የራሷን የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና አቋቋመች። ፈተናው ኢትዮጵያዊ ይሁን እንጂ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ለማትሪክ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። የፈተናው ወረቀት የአባትህን ስም አይቶ አያርምም። ቁጥር ነህ። የደጃዝማች ልጅም ቁጥር ነው፤ ከራስ ዳሸን ግርጌ ከጃናሞራ ስንቁን ተሸክሞ የመጣ የገበሬ ልጅም ቁጥር ነው። በዚያን ዘመን፣ ሹመትና ርስት በዘር በሚወርድበት አገር፣ እንዲህ ያለ ሚዛን ቀላል ነገር አልነበረም። ማትሪክ ያለፈ የድሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ሐኪም ሆነ፣ መሐንዲስ ሆነ። ነጥቡ ዝቅ ያለበትም ቢሆን ያችን ወረቀት ይዞ መምህራን ማሠልጠኛ፣ ነርስነት፣ ባንክ ቤት፣ ፖሊስ ሠራዊት ይሄድ ነበር። ወረቀቷ የእንጀራ መሶብ ነበረች ማለት ይቻላል።

ግን ሚዛኑ አንድ ቢሆንም የሚመዘኑት የመጡበት መንገድ አንድ አልነበረም። ጎንደርን ራሷን ውሰዱ። በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ ጎንደር ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የጤና መኮንኖች የወጡት ከዚያ ግቢ ነው። የከተማው ልጅ በአጥሩ በኩል እያለፈ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ሆኖም የግቢው መክፈቻ ያለው አጥሩ አጠገብ አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ጥያቄ ውስጥ ነበር። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ማለት ይህ አይደል?

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልጨምር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንደኛ ደረጃ በአማርኛ ሆነ፤ ከሰባተኛ ክፍል በላይ ግን እንግሊዝኛ ነው። ከ1955 ጀምሮ የሰላም ጓድ የሚባሉት አሜሪካውያን ወጣቶች መጥተው ጎንደርን ጨምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት አገልግሎት እየተባለ በየአውራጃው ይላኩ ጀመር። እነዚህ መምህራን የደረሱበት ልጅና ያልደረሱበት ልጅ በግንቦት ወር እኩል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጥያቄው የፊዚክስ ነው ይባላል እንጂ፣ ለደጋው ልጅ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ የፊዚክስ ነው። ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ አንድ ጊዜ ይታረምለታል።

ከዚያ ደግሞ ፈተናውም ራሱ የተፈተነበት ዘመን መጣ። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲውና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ገጠር ዘመተ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ከዘመቻ መልስ ቀይ ሽብር ጠበቀው። በሻለቃ መላኩ ተፈራ ዘመን ጎንደር ያጣችው ወጣት አብዛኛው የደብተርና የእርሳስ ዕድሜ ላይ የነበረ ነው። ከዚያ ትውልድ ውስጥ ማትሪክ ሊፈተን ሲል የቀረውን የትኛው ስታትስቲክስ ላይ እንፈልገው? አልወደቀም፤ አላለፈም። አልተቀመጠማ!

በ1986 አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። አሮጌው ማትሪክ በእርሱ ምክንያት ተሰናበተ። በ1993 የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና፣ በ1995 ደግሞ የ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተጀመረ። ለዘመናት አንድ የነበረው ወንፊት ሁለት ሆነ። በ10ኛው ወንፊት የቀረው ልጅ፣ ገና በ16 እና በ17 ዓመቱ፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሄድ ይመራ ነበር። ሙያ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን «ስላልቻልክ ሂድ» ተብሎ የተላከበትን ሙያ ማን ያከብረዋል? የ10ኛው ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። ያደረሰው ንቀት ግን አብሮት የቀረ አይመስለኝም።

በመግቢያው ፈተና ውስጥ ደግሞ አማርኛ የሚባል ወረቀት አልነበረም። እንደ አሮጌው ማትሪክ ሁሉ ጥያቄዎቹም ምርጫ ናቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፤ ክቧን በእርሳስ አጥቁር፣ ማሽን ያርምሃል። በማስተምርበት ዘመን የዚህን ፍሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥሩ ነጥብ ይዞ የመጣ ልጅ ስለ አንድ አጭር ልብ ወለድ አንድ ገጽ ጻፍ ሲባል ላብ ያጠምቀዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ፣ የራስህን ሐሳብ በራስህ ዐረፍተ ነገር አቁም ብሎ የፈተነው ሰው ስለሌለ ነው። የቅኔ ቤቱ ጀማሪ በሁለት ቤት የሚፈተነውን ነገር እኛ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አልጠየቅነውም።

መልሱ ክብ ማጥቆር ብቻ ሲሆን ደግሞ ለሌባ ይመቻል። ድሮ አጤሬራ በእጅጌ ውስጥ ነበር፤ በኋላ በስልክ ሆነ። ግንቦት 22 ቀን 2008 ፈተናው በተጀመረበት ዕለት ወረቀቱ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ስለተገኘ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። በሐምሌ ሲደገም መንግሥት ማኅበራዊ መገናኛዎችን ዘጋ፤ በሰኔ 2011 ደግሞ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱን ጭራሽ አቋረጠ። በኩረጃ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ለመናገር ብዙ ምርምር አያሻም። ስልክም፣ ዘመድም፣ የሚከፍለውም የሌለው ልጅ ነው። ማትሪክ ለድሃው የሰጠው ብቸኛ ጸጋ እኩልነት ነበር፤ ኩረጃ የሰረቀው ያንን ነው።

ስለዚህ የ2014 ተፈታኞች፣ በ2015 መግቢያ ላይ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ ሐሳቡን ከደገፉት አንዱ ነኝ። ውጤቱ በጥር ወር ተነገረ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት ያለፉት 27,267፣ በ2016 ደግሞ 36,409 ነበሩ። በ2017 ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ ከመቶ 8.4 ደረሰ ተብሎ እንደ መሻሻል ተቆጠረ። መሻሻልማ መሻሻል ነው። ከመቶ ዘጠና ሁለት ገደማ የሚሆነው ግን አሁንም ደጅ ነው።

ቻይናውያን በ1970 መባቻ፣ ከባህል አብዮታቸው በኋላ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናን መልሰው ሲጀምሩ፣ ከ5 ሚሊዮን ከሚበልጥ ተፈታኝ የገባው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ጠቅሶ «የትም ያለ ነው» ይለኛል። አይደለም። እዚያ ጥቂት የነበረው ወንበሩ ነው። እኛ ዘንድ ወንበሩ አለ። ድሮ በቂ ወንበር ስላልነበረ መግቢያው ነጥብ ይሰቀል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ሲበዛ ደግሞ ወንበሩ እንዲሞላ ነጥቡ ይወርድ ነበር። ዛሬ ደባርቅ እንኳ ዩኒቨርሲቲ አላት። ያጣነው ግማሹን ጥያቄ መመለስ የሚችል ልጅ ነው።

ታዲያ አንድ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ካላሳለፈ የወደቀው ማን ነው? ከአንድ ክፍል ውስጥ አርባው ቢወድቁ አርባ ሰነፎች አንድ ላይ ተሰበሰቡ እንበል። በ1,161 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ግን አንድም ጎበዝ አልተወለደም ልንል ነው? ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሐቀኛው ፈተና ሐቁን መስክሯል። የመሰከረው ግን በልጁ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በመምህሩ ደመወዝ፣ ባልደረሰው መጽሐፍ፣ ባልተከፈተው ቤተ ሙከራ ላይም ነው። እኛ ከምስክሩ ቃል ግማሹን ሰማንና ፍርዱን በልጁ ስም ጻፍን።

የሰሜን ጎንደርን ደጋ እዩት። በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ደርሶ ነበር። ሰዉ ከዚያ ሳያገግም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልሉ በመንግሥትና በፋኖ ታጣቂዎች ውጊያ ተናጠ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከተፈታኞቹ የተወሰኑት በኮምፒዩተር ይፈተናሉ። የበየዳው ልጅ ትምህርቱ ለወራት ተቋርጦበት፣ ኮምፒዩተር በወጉ ሳይነካ ይመጣል። የተሰጠው ጥያቄ አዲስ አበባ ከሞቀ ቤቱ ወጥቶ ከተፈተነው ልጅ ጋር አንድ ነው። አንድ መሆኑ ትክክል ነው፤ ይለያይ አልልም። ቢለያይማ «የገጠር ዲግሪ» የሚባል ሌላ ውርደት እንፈጥርበታለን። እኔ የምለው፣ ጥያቄው አንድ እንዲሆን የተጋነውን ያህል ትምህርቱ እንዲቀራረብ አልተጋንም ነው።

ፈተናው ይቅር የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ፈተናው ቢቀር የሚመለሰው የዘመድና የገንዘብ ሚዛን ነው፤ የገበሬው ልጅ ደግሞ በዚያ ሚዛን ላይ ክብደት ኖሮት አያውቅም። የምጠይቀው ሌላ ነው። በየዓመቱ ውጤት ሲነገር የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ውጤት፣ ከመምህራኑ ቁጥርና ከደረሰው መጽሐፍ ጋር፣ በየወረዳው ይለጠፍ። የወረዳው የትምህርት ኃላፊና ርእሰ መምህሩ በወላጅ ፊት ቀርበው «የማን ተማሪዎች ናቸው?» ሲባሉ ይመልሱ። የኔታ የሚመልሱትን ጥያቄ መንግሥት የማይመልስበት ምክንያት የለም። ጥያቄም ከመካከላቸው ጥቂቱ ልጁ በራሱ ቃል የሚጽፈው ይሁን፤ ማረሙ ያደክማል፣ ግን መምህር የተቀጠረው ለዚህ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ከጎረቤት ልጅ አንዱ ውጤቱ አልመጣለት እንደሆነ፣ ከመጠየቃችን በፊት አንድ ጊዜ እናስብ። ያ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላልሷል። ትምህርቱ ወደ እርሱ ስንት ቀን እንደመጣ የሚያውቀው ራሱ ነውና እርሱን እንጠይቀው።