ሰባት ሜትር ጀልባ

እህቶቼ፣ አንድ ምኞት ልንገራችሁና ሳቁብኝ። ከምሠራበት ቤት በረንዳ የቤይሩት ባሕር ይታያል። ልብስ ሳሰጣ ነጭ ሸራ የዘረጉ ትንንሽ ጀልባዎች ያልፋሉ። ዋና አልችልም፤ ግን አንዷ ላይ ወጥቼ፣ ማንም ስሜን ሳይጠራ፣ ወደማላውቀው ደሴት መሄድ እመኛለሁ።

ይሄ የሀብታም ምኞት ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ በስልኬ እያስተረጎምኩ ሳነብ ግን አን ዴቪሰን የምትባል እንግሊዛዊት አገኘሁ። አትላንቲክን በጀልባ ብቻዋን ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ታሪኳ የሚጀምረው ከዕዳ ነው። እሷና ባሏ ፍራንክ አሮጌ መርከብ ገዝተው ለማደሻው ተበደሩ፤ መክፈል አቃታቸው። መርከቧ ልትወሰድባቸው ሲል በ1949 ይዘዋት ወጡ። በደቡብ እንግሊዝ ፖርትላንድ አጠገብ ከቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ተሰበረች። ፍራንክ ሞተ፤ አን ተረፈች። ዕዳ አዝሎ ከቤት መውጣት ምን እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም።

እኔ ብሆን ከዚያ ወዲያ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ አላይም ነበር። እሷ ግን «ፌሊሲቲ አን» የምትባል የእንጨት ጀልባ ይዛ በሜይ 1952 ከፕሊማውዝ ተነሣች። ዕድሜዋ ወደ 38 ነው። ጀልባዋ 7 ሜትር ብትሆን ነው፤ የማዳሜ ሳሎን ከዚያ ይረዝማል፣ በየቀኑ ስለምወለውለው አውቀዋለሁ። ገና ከመነሣቷ የፈረንሳይ ዓሣ አጥማጆች ጎትተው ወደብ አስገቧት። እዚህ ላይ ነው የወደድኳት። ለካ ሰው ተጎትቶም ጉዞውን ይቀጥላል!

በስፔን፣ በጅብራልታርና በካዛብላንካ እያረፈች ካናሪ ደሴቶች ደረሰች። በኖቬምበር ከላስ ፓልማስ ወደ ምዕራብ ወጣች። ከዚያ በኋላ ውሃና ሰማይ ብቻ። ነፋሱ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል፣ ሸራውም ዋጋ የለውም። እንቅልፏ ቁርጥራጭ ነው። ባርቤዶስ ልገባ ነው ስትል አልሆነላትም፤ 65 ቀን ገደማ ባሕር ላይ ቆይታ በጃንዋሪ 1953 ዶሚኒካ ደሴት ደረሰች።

ይህን ሁሉ ለአንዲት የሰፈሬ ልጅ አወራሁላት። እሷ ከጂቡቲ፣ ከኦቦክ ተነሥታ በጀልባ ወደ የመን የተሻገረች ናት። ባብ ኤል መንደብ ጠባቡ ጋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአትላንቲክ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ግን በዚያ መንገድ ስንቱ ቀርቷል። በኦገስት 2017 በየመን ሻብዋ ዳርቻ ደላሎች የኛንና የሶማሌ ልጆችን በግድ ወደ ባሕር ጥለዋቸዋል። ጀልባ ትንሽ መሆኑ አይደለም እኮ የሚያስፈራው፤ መሪውን የያዘው ሰው ነው። አን መሪውን ራሷ ይዛለች። የኔ እህት ሌሊቱን ሙሉ ጉልበቷን አጥፋ የሰው ጀርባ ብቻ ስታይ ነው ያደረችው፤ ባሕሩን አላየችውም።

ጨርሼ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «ማን ላካት?» አለችኝ።

«ማንም።»

እንደገና ዝም። ስልኩን ዘጋችው ብዬ ሳስብ፣ «የጀልባዋን ስም በጽሑፍ ላኪልኝ» አለችኝ።